ከጋራ ኩሽናው ጀርባ ያለችው ቦታ፤ ልጆች የሚያውቁት ሐዋሳና እኛ የምናውቀው

የሐዋሳዋ መምህርት (ክሩን የጀመረች)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ሰዎች። ነገሩ ወዲህ ነው። የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ፣ ከጋራ ኩሽናው ጀርባ አንዲት ባዶ ቦታ አለች። ሣር የላትም፣ አግዳሚ ወንበር የላትም፤ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ናት። ኮሚቴው ጠጠር አስደፍቶ የመኪና ማቆሚያ ሊያደርጋት ለመጪው እሁድ ስብሰባ ጠርቷል። የተለጠፈው ማስታወቂያ አጀንዳውን «ያለ ጥቅም የተቀመጠ ቦታን ጥቅም ላይ ስለማዋል» ይለዋል። ያለ ጥቅም ነው የተቀመጠችው ወይ የሚለው ነው የኔ ጥያቄ።

የሦስተኛና የአራተኛ ክፍል ልጆች ሥዕል አስተምራለሁ። ባለፈው «ከቤታችሁ እስከ ትምህርት ቤት ያለውን፣ የምትጫወቱበትንም ጨምራችሁ ሳሉልኝ» አልኳቸው። ከመሃላቸው የኛ ግቢ ልጆች ብዙ ናቸው። ሥዕሎቹን ቤት ወስጄ ሳገላብጥ አመሸሁ።

እንግዲህ አዋቂ ሰው ሐዋሳን ሳል ቢባል ምን ይስላል? ሐይቁን፣ ፒያሳ ያለውን ገብርኤልን፣ አደባባዩን። ልጆቹ ከነዚህ ምንም አልሳሉም ማለት ይቻላል። የታቦርን ተራራ ሁለት ልጆች ጥግ ላይ ሾጠጥ አድርገው አስቀምጠውታል፣ በቃ። ክዳን የሌለው ማንሆል ግን ከኛ ግቢ ልጆች ሥዕል በሙሉ አልቀረም፤ አንዱ ዙሪያውን በቀይ እርሳስ አጥሮ ከጎኑ «ዝለል» ብሎ ጽፎበታል። ከደረጃ ሥር ያለችው ጨለማ ቦታ አለች። የሮቶው መቆሚያ ብረት መሰላል ተጨምሮለት መርከብ ሆኗል። ኩሽናው ጥግ የወለደችው ውሻ ከብሎኩ በላይ ተልቃ ተስላለች፣ ቡችሎቹ አንድ በአንድ ስማቸው ተጽፎ። አንዲት ልጅ አስፋልቱን የገጹን ሩብ አስይዛ ጥቁር ቀብታዋለች። እኔ ስልክ እያወራሁ የምሻገረው መንገድ ነው።

ከኩሽናው ጀርባ ያለችው ቦታ በአንዱ ሥዕል ኳስ ሜዳ ናት፣ ጎሉ ድንጋይ። በሌላው የእቃቃ ቤት ናት፤ ሳሎኑ፣ ማድ ቤቱ፣ መኝታው በጠጠር መስመር ተከፋፍሎ። ሌላኛው የብይ ጉድጓዶቹን ሳይቀር ስሏቸዋል። ለምን እዚያ ብቻ እንደሚሰበሰቡ ስጠይቅ አንዱ «ጥላው እዚያ ነው የሚመጣው» አለኝ። ሄጄ አየሁት። ከ9 ሰዓት ጀምሮ የኩሽናው ጥላ ቦታዋን እንዳለ ይሸፍናታል፤ በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ ሌላ እንዲህ ሰፊ ጥላ የለም። የሐዋሳን የከሰዓት ፀሐይ ለምታውቁ ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። ከኮሚቴው አባላት ይህን ያስተዋለ ያለ አይመስለኝም።

እሁድ ምን ብዬ ልናገር? የናንተስ ሰፈር ልጆች የት ነው የሚውሉት?

---

ባለ ቪትዝ

መምህርት፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የመኪና ባለቤቱንም ስሚው። እኔ ሌላ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፤ ችግሩ ግን አንድ ነው። መኪናዬን ውጭ አሳድሬ ስፖኪዮ ተነቅሎብኛል፤ ግቢ ውስጥ ሳቆም ደግሞ በኳስ ተመታ። ልጅ ይጫወት፣ ማን ጠላ? ግን ትምህርት ቤት ሜዳ አለው። በዚህ ኑሮ በብድር የገዛሁትን መኪና የት ልውሰደው?

---

ባጃጅ ነጂው

ባለ ቪትዝ 😂 ስፖኪዮህን የነቀለው ልጅ አይደለም ወንድሜ።

---

ተላላኪዋ

ትምህርት ቤት ሜዳ አለው የሚለው ላይ ልግባ። ልጅ ሰፈሩን የሚያውቀው ሲጫወት ብቻ ነው ያለው ማነው? እኔ ያደግኩት እዚሁ ሐዋሳ ነው፤ ሰፈሬን ያወቅኩት ስላክ ነው። ሴት ልጅ ነኛ! ወንዶቹ ኳስ ሜዳ ሲውሉ እኔ ዘይት፣ ቡና፣ ወፍጮ ቤት። «ቶሎ ተመለሺ፣ ምራቄ ሳይደርቅ!» ትለኝ ነበር እናቴ፤ እውነት ምራቅ ይተፋል፣ እኔም እሮጣለሁ።

ያቺ መንገድ ነበረች ነፃነቴ። በየትኛው በር ሥር ውሻ እንደሚያልፍ፣ የቱ ባለ ሱቅ መልስ እንደሚያጓድል፣ የትኛዋ እትዬ ቡና ስታፈላ ቆሎ እንደምትሰጥ አውቅ ነበር። ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ ጠጠር ሰብስበን ቅልብልቦሽ እንጫወታለን፤ ዱቄቱ እስኪደርስ ማንም አይቆጣንም፣ ሥራ ላይ ነና። ከቤት «ልጫወት» ብዬ ብወጣ አይፈቀድልኝም፤ ተልኬ ስወጣ ግን እግረ መንገዴን ተጫውቼ እመለሳለሁ። እናቴም የምታውቀው ይመስለኛል።

አሁን የኔ ልጅ አትላክም። ለሱቁ ደውዬ የባለ ሱቁ ልጅ እቤት ድረስ ያመጣልኛል። ስምንት ዓመቷ ነው፤ ብቻዋን ከበር ወጥታ አታውቅም። ወንድሟ ግን ኳስ ይዞ ይወጣል። መምህርት፣ ሥዕሎቹን ወንድና ሴት ለይተሽ እይልኝ እስቲ።

---

የሐዋሳዋ መምህርት

@ተላላኪዋ ለይቼ አየሁት። የወንዶቹ ቦታ ነው፤ ሜዳ፣ ሮቶ፣ አጥር ላይ ያለ ቀዳዳ። የሴቶቹ አብዛኛው መስመር ነው፤ ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ ቤት፣ ከቤት ትምህርት ቤት። የእቃቃ ቤቷን የሳለችው ልጅ ለብቻዋ ናት ማለት ይቻላል። አንዷ ደግሞ መንገዱን ስላ በሮቹ ላይ ፊት ጨምራለች፤ አንዳንዱ በር ይስቃል፣ አንዳንዱ ጥርሱን ያፋጫል።

---

ጋሽ ጡረታ

ልጆቼ፣ እኛ እዚህ ስናድግ ሐዋሳ ገና ልጅ ከተማ ነበረች። የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ ነው፤ መሬቱ ሜዳ፣ መንገዱ ሰፊ፣ ብስክሌት የሌለው ልጅ ተከራይቶ ይነዳል። ጠዋት የወጣ ልጅ ማታ ነው የሚመለሰው። ታቦር ላይ ወጥተን ቁልቁል ሐይቁን እናያለን፣ ወርደን አሞራ ገደል ዓሣ እናጠምዳለን፤ ቆሮሶ በመንጠቆ፣ አምባዛ ከያዝክ ደግሞ ጀግና ነህ። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ከአጠገባችን ቆሞ የዓሣ አንጀት ይጠብቃል፤ ቁመቱ ያኔ ከኔ ይበልጥ ነበር። ጉሬዛው ከዛፍ ዛፍ። ማንም ጎልማሳ ሲያጠፋ ያየውን ልጅ ይቆጣል፣ ይገርፋልም፤ ወላጅ አመሰግናለሁ ይላል እንጂ አይጣላም። ዛሬ የጎረቤት ልጅ ብትቆጣ ፖሊስ ይጠራብሃል። ልጁ ቤት የተዘጋበት በዚህ ምክንያት ነው ባይ ነኝ።

---

ሲስተር

ጋሼ፣ ትዝታዎ ደስ ይላል፤ ሐይቁ ላይ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፣ ጤና ባለሙያ ነኝ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባሉ ትምህርት ቤቶች ልጆች ላይ የአንጀት ብልሃርዚያ በተደጋጋሚ በጥናት ታይቷል። ትሉ በውሃ ውስጥ ባለች ትንሽ ቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ይራባል፤ ከሷ ወጥቶ ሲዋኝ የሰው ቆዳ ካገኘ በስቶ ይገባል። ውሃውን መጠጣት አያስፈልግም፤ እግር ነክሮ ዓሣ ማጥመድ ይበቃል። በብዛት ከቀንድ አውጣዋ የሚወጣው ደግሞ ፀሐይ ስትበረታ፣ እኩለ ቀን አካባቢ ነው፤ ልጆች ለዋና በሚሯሯጡበት ሰዓት ማለት ነው። በጥልቁ መሃል ላይ ሳይሆን ደንገል በበዛበት ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ላይ ነው የሚያይለው፣ ዋና የማይችል ልጅ «እዚህ ይሻላል» ብሎ የሚገባበት።

መድኃኒት አለው፣ ፕራዚኳንቴል ይባላል፤ በትምህርት ቤት በዘመቻ ሲሰጥ ልጆቻችሁ ይውሰዱ፣ «ሆዱን ያመዋል» ብላችሁ አታስቀሩ። ጉማሬው ሲመሽ ለግጦሽ እንደሚወጣም አይረሳ። መስጠምም አለ፤ ስለሱ መጻፍ አልፈልግም።

ይህን የምለው ልጅ ቤት ይዘጋበት ለማለት አይደለም። ግቢ ውስጥ ያለችውን ጥላ ከወሰዳችሁባቸው ወዴት የሚሄዱ ይመስላችኋል? ከ9 ሰዓት በኋላ ሙቀት የሌለበት፣ ከፍሎ መግባት የሌለበት፣ የሚቆጣ ዘበኛ የሌለበት አንድ ቦታ ነው የቀረው፤ ውሃው ዳር።

---

ከሲያትል

እዚህ ልጄ ሰፊ ጓሮ አለው። ከጓደኛው ጋር ለመጫወት ግን እናቶች በስልክ ቀን ይቀጥራሉ፤ «ቅዳሜ ከ2 እስከ 4»። ልክ እንደ ሐኪም ቀጠሮ። ያቺን አቧራማ ቦታ እንዳትሰጧት።

---

ባለ ቪትዝ

ከሲያትል ሆኖ መምከር ቀላል ነው። ሲስተር ያለችው ግን ገብቶኛል።

---

ፕላነር ነኝ

በሙያዬ የከተማ ፕላን ላይ ነው የምሠራው። ለመምህርቷ የሚሆን ነገር ልወርውር።

መጀመሪያ ሕጉ። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 እንደሚለው ከየቤቱ ውጭ ያለው ሁሉ የጋራ መጠቀሚያ ነው፤ መኪና ያለውም የሌለውም በጋራ የሚይዘው። ኮሚቴው ያስተዳድራል እንጂ የግሉ አይደለም። ስለዚህ ስብሰባው ላይ «መኪና ያላቸው ቤቶች ስንት ናቸው? ልጅ ያላቸውስ?» ብለሽ መጠየቅ ሙሉ መብትሽ ነው። የሀገራችን የከተማ ፕላን መርህም መሬቱን 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ፣ 40 በመቶ ለሕንፃ ይላል። ወረቀት ላይ። እውነቱን ለመናገር ክፍት ቦታ ብለን ፕላኑ ላይ አረንጓዴ የቀባነው ብዙው ወይ ይታጠራል ወይ መናፈሻ ካፌ ይሆናል፤ ልጅ ሚሪንዳ ካልገዛ የማይቀመጥበት።

መምህርት ያደረገችው ነገር ደግሞ እንዲሁ ጨዋታ አይደለም። ኬቪን ሊንች የተባለ አሜሪካዊ የከተማ ፕላን ምሁር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በዩኔስኮ በኩል በአርጀንቲና፣ በአውስትራሊያ፣ በሜክሲኮና በፖላንድ ከተሞች ይኼንኑ አስደርጓል፤ ልጆች ሰፈራቸውን እንዲስሉ፣ የት እንደሚውሉ እንዲናገሩ። ከሜልቦርን ዳር ያሉት ልጆች ሰፊ ሜዳ እያላቸው ሰለቸን አሉ። በአርጀንቲናዋ ሳልታ ደሃ ሰፈር ያሉት ግን ሰፈራቸውን ወደውት ተገኙ፤ ሰው ያውቃቸዋል፣ እነሱም ሰዉን ያውቃሉ፣ ነገ ይሻላል ብለው ያስባሉ። የቦታ ስፋት ብቻውን ምንም አይደለም።

ጋሽ ጡረታ «ጠዋት ወጥቶ ማታ» ያሉት የሐዋሳ ጉዳይ ብቻ አይምሰላችሁ። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1971 ከ7 እና ከ8 ዓመት ልጆች 80 በመቶው ያለ አዋቂ ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር። በ1990 ወደ 9 በመቶ ወረደ። በዚያው ዘመን በመኪና የሚሞተው ልጅ ቁጥር ቀንሷል፤ ጥናቱን የሠሩት ሜየር ሂልማንና ባልደረቦቹ ግን መንገዱ ስለተሻለ ሳይሆን ልጆቹ ከመንገዱ ስለተነሱ ነው ብለው ተከራከሩ።

---

ባጃጅ ነጂው

ወንድሜ ፕላነር፣ ይቺ የመጨረሻዋ ነገር እኔን ነካችኝ። የተማሪ ኮንትራት እሠራለሁ። ጠዋት ልጆች ጭኜ አደርሳለሁ፣ ማታ እመልሳለሁ። ዝናብ ሲሆን ጎንና ጎኑን ላስቲክ እጋርዳለሁ፤ ውጭው አይታይም። እርስ በርስ ፊት ለፊት ተቀምጠው ብስኩት ይለዋወጣሉ።

አንድ ቀን ኮንትራቱን የሚሠራው ጓደኛዬ ታሞ የሱን ልጆች እኔ ወሰድኩ። አንዱን «ቤትህ በየት ነው?» ብለው «አላውቅም፣ ባጃጁ ነው የሚያውቀው» አለኝ! ሦስተኛ ክፍል ነው። ቤቱ ከትምህርት ቤቱ ሩቅ አይደለም፣ በእግር ይደረሳል። እናቱ ጋ ደውዬ ነው ያደረስኩት።

በእግር የሚሄዱትን ልጆች ግን እዩአቸው። እኛ ሾፌሮች እናውቃቸዋለን። ከቆመ ሚኒባስ ጀርባ ብቅ ይላሉ፤ ቁመታቸው ከኮፈኑ በታች ነው፣ እኔ አላያቸውም፣ እነሱም አያዩኝም። ዜብራ አለ፤ ግን ዜብራው ያለው ትልቅ ሰው የሚሻገርበት ቦታ ነው፤ ልጆቹ የሚሻገሩት ሸንኮራ ሻጩ ፊት ለፊት ነው። በየቀኑ! ያችን ልጅ አስፋልቱን የገጹን ሩብ ያደረገችውን ሳሚልኝ፣ ልክ ናት።

ኮንትራት ይቁም አልልም፣ እንጀራዬ ነው 😅

---

የጉዱማሌ ልጅ

ሐዋሳ ብላችሁ የሲዳማን አዲስ ዓመት፣ ፊቼ ጫምባላላን አለማንሳት ነውር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ዩኔስኮ መዝግቦታል፤ ሰዉ የሚያወራው ግን ጉዱማሌ ላይ ስለሚሰበሰበው ሕዝብና ስለ ቄጣላው ጭፈራ ነው። እኔ ልጅ ሆኜ ስለ ልጆቹ ነበር። በጫምባላላ ቀን «አይዴ ጫምባላላ!» እያልን ከቤት ቤት እንሄዳለን፤ የማይከፈት በር የለም፣ ከእንሰትና ከቅቤ የሚሠራው ቡርሳሜ ይቀርብልናል፣ ቅቤው በክርናችን ይወርዳል። ዓመቱን ሙሉ አጥሩን ብቻ የማውቀውን ግቢ ውስጡን የማየው ያኔ ነበር። የክርስቲያኑም ያው ነው፤ ለቡሄ ሆያ ሆዬ፣ ለእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ። ልጅ የሰው ግቢ የሚገባበት ፈቃድ ነው።

ኮንዶሚኒየም ግን እንዴት ነው? አምና የኛ ግቢ ዘበኛ ሆያ ሆዬ ሊሉ የመጡትን የጎረቤት ሰፈር ልጆች በር ላይ መለሳቸው። «ነዋሪ ያልሆነ አይገባም» አለ። ደሞ ትእዛዝ ነው የተሰጠው፣ እሱ ምን ያድርግ? የኛዎቹ ልጆች ደረጃ ለደረጃ ጨፈሩ፤ አራተኛ ፎቅ ሲደርሱ ትንፋሽ አጥሯቸው ዘፈኑን እየቆረጡ 😂። ስለዚህ መምህርት፣ ቦታዋን ካስቀራችሁ አጥሩ ላይ ያለችውን ቀዳዳም አትድፈኑባቸው።

---

የመድረኩ አስተዳዳሪ

እባካችሁ የግቢም ሆነ የኮሚቴ ሰዎች ስም አትጻፉ። ሁለት መልእክት አጥፍቻለሁ። ቀጥሉ።

---

ባለ ዊልቸሯ እናት

ሁሉንም አነበብኩ። ኳስ፣ ሮቶ መውጣት፣ ማንሆል መዝለል... የኔ ልጅ ከነዚህ አንዱንም አያደርግም፣ ዊልቸር ላይ ነው። ግራውንድ ነው የምንኖረው።

እኔ ስለ መሬቱ ልንገራችሁ። ሰፈራችን መንገዱ ኮብልስቶን ነው፤ ስትሄዱበት ደስ ይላል፣ ጭቃ የለም። በዊልቸር ግን የፊቷ ትንሽ ጎማ በየድንጋዩ መሃል ትያዛለች፤ ልጁ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ነው የሚሄደው፣ እኔም ወገቤ ይቆረጣል። አስፋልቱ ለስላሳ ነው፣ ግን መኪና አለው። የእግረኛው መንገድ ጫፉ ከፍ ያለ ነው፣ ከወጣሁ መውረጃ የለውም። ልጄ እንደ ልቡ በእጁ እየገፋ የሚሄድበት ብቸኛ ቦታ የተደለደለ ደረቅ አፈር ነው፤ ልክ መምህርት እንዳለችው ዓይነት። እኛ ግቢ እንዲህ ያለች ቦታ ነበረች። ኳሱን አይመታም፣ ዳኛ ነው! ፊሽካ ገዝቼለታለሁ፤ ቀይ ካርድ ሲሰጥ ማንም አይከራከረውም።

ኮሚቴያችን «ለማሳመር» ብሎ ጠጠር ደፋበት። ወፍራም ጠጠር። አንድም ሰው አልጠየቀንም፤ ክፋትም አልነበረበትም፣ ጭቃው ይጥፋ ብለው ነው። ጎማው ሰጠመ፤ አሁን በረንዳ ላይ ሆኖ ነው ፊሽካውን የሚነፋው፣ ልጆቹም አይሰሙትም። ስለዚህ መኪናም ይቁምበት ልጅም ይጫወትበት፣ ጠጠር ብቻ እንዳይደፉ። ጠጠር ከተደፋ አይነሳም።

---

ፕላነር ነኝ

እህቴ፣ ከጻፍኩት ሁሉ የሚበልጠውን ጻፍሽው።

ጠጠሩ የሚመጣው ለጭቃው ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። የላይኛውን ለስላሳ አፈር ጠርጎ፣ ሰሌክት (ለመንገድ ሥራ የሚደፋውን የተመረጠ አፈር) ደፍቶ፣ ውሃ እያጠጡ መጠቅጠቅ ነው። ትንሽ ተዳፋት አስይዞ ውሃው ወደ ቦዩ እንዲሄድ ካደረጉት ጭቃ አይሆንም፣ ዊልቸርም ይሄድበታል፣ ብይም ይቆፈርበታል። መኪናም ቢቆምበት አይጎዳውም። ወጪው ከጠጠሩ ብዙም አይርቅም።

አምስተርዳምን ላንሳ፣ ከዚያ ዝም እላለሁ። አልዶ ቫን ኤይክ የሚባል አርክቴክት እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ ለከተማው ከ700 በላይ ትናንሽ መጫወቻ ሠርቷል። ከጦርነቱ በኋላ ከተማው ገንዘብ አልነበረውም፤ የወሰዳቸው ቦታዎች በሁለት ቤት መሃል የቀሩ ባዶ መሬቶች፣ የአደባባይ ጥጎች ናቸው። የአሸዋ ሳጥን፣ የብረት መንጠልጠያ፣ ጥቂት ድንጋይ፤ ብዙዎቹ አጥር አልነበራቸውም። ዝሆን የሚመስል ሸርተቴ አላስገባም፤ ዝሆን ከሆነ ዝሆን ብቻ ነው፣ ድንጋይ ግን ልጁ ያለውን ይሆናል ባይ ነበር።

---

ጋሽ ጡረታ

ሐዋሳም አንዱን ዝሆን አይቻለሁ፤ ኩምቢው ተሰብሯል።

---

ባለ ቪትዝ

እሺ፣ እንነጋገር። ሰዓቱን ተመልከቱ። እኔ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ወጥቼ ማታ 12 አልፎ ነው የምገባው። መኪና ያለን አብዛኞቻችን እንደዚያው ነን። ልጆቹ ደግሞ ከትምህርት ቤት 9 ሰዓት ተኩል፣ 10 ሰዓት ይመጣሉ፤ እስከ 12 ይጫወታሉ። ማታ መኪና፣ ቀን ልጅ ቢባል ማንም አይጎዳም። ግን ቅዳሜና እሁድስ? እሁድ መኪናዬን የት ላድርጋት? ኳስ ከተመታብኝ ማን ይከፍላል? ይኼ ካልተመለሰ እኔ ኮሚቴውን ነው የምደግፈው፣ በግልጽ።

---

ተላላኪዋ

ቀን ልጅ፣ ማታ መኪና ጥሩ ነው። ግን ያ የወንዶች ሰዓት እንዳይሆን። ኳስ አንድ ሜዳ ከያዘ ሴቶቹ ጠርዝ ላይ ቆመው ልብስ ይይዛሉ፤ እኔ አውቀዋለሁ፣ የስንት ወንድ ጃኬት ይዣለሁ! ሱዚና ሰኞ ማክሰኞ ትንሽ ቦታ ነው የሚፈልጉት፣ ግን የራሳቸው።

---

ሲስተር

ማንሆሉስ? ስለ ሜዳው ተከራክረን ተከራክረን ማንሆሉን ረሳነው። ሁሉም ልጅ የሳለው እሱን ነው።

---

የሐዋሳዋ መምህርት

ተባረኩ። እሁድ የምጠይቀውን ጽፌያለሁ። ጠጠር እንዳይደፋ፣ በሰሌክት እንዲጠቀጠቅ። ከ9 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት መኪና እንዳይገባ። ቅዳሜና እሁድ መኪኖቹ ከፊት ለፊት በብሎኩ ትይዩ ባለው መስመር እንዲቆሙ፤ እዚያ በዚያ ሰዓት ፀሐይ ነው፣ ልጆቹ አይፈልጉትም፣ መኪና ደግሞ ፀሐይ አይገድለውም። @ባለ ቪትዝ ስፖኪዮ ለሚሰበር ደግሞ ከኮሚቴው መዋጮ ትንሽ ይቀመጥ እላለሁ፣ ይስማሙ አይስማሙ አላውቅም። ኩሽናው ግድግዳ ሥር ያለውን ጠርዝ ለሴቶቹ በኖራ አሰምርላቸዋለሁ።

ሥዕሎቹንም ስብሰባው ላይ ግድግዳው ላይ እለጥፋቸዋለሁ። የኮሚቴው ሊቀመንበር ልጅ የሮቶውን መርከብ የሳለው ነው፤ አባቱ ገና አላየውም።

---

ባለ ቪትዝ

መኪና ፀሐይ አይገድለውም ያለሽው ቀለሙን አስቢልኝ 😄 ግን ጥሩ ነው፤ ቢያንስ የምንከራከርበት ነገር አለው። ስብሰባው ምን እንዳለ ጻፊልን፤ እኛም ግቢ ያው ጥያቄ ሊመጣ ነው።

---

ባጃጅ ነጂው

የማንሆሉን ክዳን የሚሠራ ብየዳ ቤት አውቃለሁ፣ በዋጋ አይጎዳችሁም። ልኩን ብቻ ለክታችሁ ላኩልኝ። ኖራውን ግን ማነው የሚገዛው?

---

ተላላኪዋ

ኖራው በኔ። ልጄን ልኬ አስገዛታለሁ።